ማንም ያልረገጠው ፍሪሲዮን፦ ከዲላ አሪቻ፣ ከሳጥን ጋር

ጠዋት፣ ዲላ

ሸራ፣ ጀሪካን፣ ከረጢትና ገመድ እሸጣለሁ። በቡና ወቅት ደግሞ በዚያው መንገድ ተመልሼ ቡና እገዛለሁ። በዚህ አገር መንገድ ያልጫንኩት ነገር የለም ብዬ አስብ ነበር። የሬሳ ሳጥን ግን ጭኜ አላውቅም። እኛ ሙስሊሞች በከፈን ነው የምንሸኘው፤ ሳጥን ቤታችን አይገባም፣ ዋጋውንም ጠይቀን አናውቅም። ስለዚህ አናጢው የጠራውን ሳልከራከር ከፈልኩ። በንግድ ዘመኔ ሳልከራከር የገዛሁት ዕቃ እሱ ብቻ ነው። አናጢው ራሱ ደንግጦ ሚስማር መረቀልኝ።

ሳጥኑ ለአቶ በራሶ ነበር። በራሶ የአሪቻ ገበሬ፣ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ፣ ኋላም ወዳጄ። ያረፈው ከትናንት በስቲያ ነው። ሩቅ አገር ያለው ወንድ ልጁ እስኪደርስ ሬሳው ቤት ቆየ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ልጁ ቢደርስም ባይደርስም ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈር ይልበስ ብለው ቆርጠዋል። ሳጥን ከደረሰ በሳጥን፣ ካልደረሰ በሰሌን።

ሳጥኑን ልታሠራ ዲላ የወረደችው ሴት ልጁ ምሕረት ናት። እዚያው አሪቻ ታስተምራለች። ከፒካፔ ጋቢና ገብታ ነጠላዋን አጣፋች።

«ጋሽ ከድር፣ አባዬ ሊሞት ሲል አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነኝ» አለች። «አፈር ፊቴ ላይ እንዳይወድቅ አለኝ። እሺ ብዬዋለሁ።»

እኛ ላይ ይወድቃል፣ ለምደነዋል ልላት አሰብኩና ተውኩት። ሞተሩን አስነሳሁ።

ስነሳ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ከወትሮው ከፍ ብሎ፣ ጠንክሮ ጠበቀኝ። ባለፈው ሳምንት አሪቻ ስወጣ እንደ ገንፎ ነበር የሚሰምጠው። ተሽሎታል ብዬ ደስ አለኝ። መኪና ራሷን አታክምም። ይህን እያወቅሁ ደስ አለኝ።

ጪጩ

ጪጩ ስንደርስ ካፊያ ጀመረ። የገበያው ሰው ኋላ የጫንነውን ሲያይ መንገዱን ለቀቀልን። በሌላ ቀን ጥሩምባ ነፍቼ፣ ተሳድቤ፣ ተሰድቤ ነው የማልፈው። አቮካዶ የምትሸጥ ሴት በመስኮቱ በኩል ጠጋ ብላ «የማን ነው?» አለች። ምሕረት የአባቷን ስም ነገረቻት። ሴትዮዋ ከመደቧ የበሰሉትን መርጣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና ሂሳብ ሳትቀበል ሄደች። ነጋዴ ለነጋዴ በነፃ ሲሰጥ እኔ እጠረጥራለሁ። ያን ቀን ግን ፈራሁ።

ከጪጩ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ጮኸ። ድምፁ የሚሮጥ መኪና ድምፅ ነው፤ መኪናዋ ግን እየቀዘቀዘች ሄደች። ነዳጅ ጨመርኩ፤ ጩኸቱ ጨመረ፣ መኪናዋ ቆመች። ይህ የሚሆነው ሰው ፍሪሲዮን ረግጦ ነዳጅ ሲሰጥ ነው። ወደ እግሬ አየሁ። ግራ እግሬ ከፔዳሉ ርቆ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ሆነ?» አለች ምሕረት።

«ምንም። ትንሽ ትተንፍስ።»

ሞተሩን አጠፋሁ። ኋላ የሳጥኑ ክዳን ካፊያው እያረጠበው አንዴ ቀጭ አለ። እንጨት ሲርስ እንዲህ ያደርጋል። ምሕረት ዞራ አላየችም፤ እኔም አላየሁም፤ ሁለታችንም መስማታችንን ግን አወቅን። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አስነሳሁ፤ መኪናዋ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ዳገቱን ወጣች።

ወናጎ

ወናጎ ስንገባ ያው ነገር ሊጀምራት ሲል ባጃጆች ከሚታከሙበት ጥግ አቆምኩ። አንድ መካኒክ ጭቃ የነካ ቱታውን እየጠራረገ መጣ። ነገሩን ጨርሼ ሳልነግረው ገባው።

«የፍሪሲዮኑ ዲስክ ተቃጥሏል ጋሼ። ካምቢዮው ከነማርሹ ይወርዳል። ነገ ማታ ይወስዷታል።»

«ሬሳ እየጠበቀን ነው።»

«እሱ እንኳ አይቸኩልም» አለና ምሕረትን ሲያያት አፉን በእጁ ያዘ። «ይቅርታ እህቴ። ከጋሼ ጋር ነው የቀለድኩት።»

«እሱም ቀልድ ይወድ ነበር» አለች። ፊቷ ግን አልሳቀም።

እኔ ደግሞ እያሰብኩ ነበር። ዲስክ ሲቃጠል ይሸታል፤ አፍንጫዬ ምንም አልነገረኝም። ዲስክ ካለቀ ደግሞ አለቀ ነው፤ የሞተ ዲስክ ቀዝቅዞ አይነሳም። የኔዋ ግን ስትቀዘቅዝ ትድናለች፣ ስትሞቅ ትሞታለች። ፔዳሉን ጎንበስ ብዬ በእጄ ጫን አደረግሁት። ጤነኛ ፔዳል መጀመሪያ ላይ ሁለት ጣት ያህል ልል መሆን አለበት። ይሄኛው ከላዩ ጀምሮ ድንጋይ ነው። ከሥር የሆነ ነገር ይገፋል።

መካኒኩን አመስግኜ፣ ከሳጥኑ ሥር የነበረውን የቁልፎቼን ከረጢት ወደ ጋቢና አምጥቼ፣ ጉዞ ቀጠልን። «ተመልሰው እዚሁ ይመጣሉ» አለኝ ከኋላ። ሲሳደብ አልነበረም። ከልቡ ነበር።

ከወናጎ በላይ፣ ጉም ውስጥ

ከዳገቱ አጋማሽ ጉሙ ወረደ። የእንሰቱ ቅጠል ብቻ ከግራና ከቀኝ እየወጣ መስታወቱን ሊነካ ይደርስና ይመለሳል። ሞተሩ እንደገና ጮኸ፣ መኪናዋ እንደገና ለቀቀች። በእጅ ፍሬን ያዝኳትና ወርጄ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስገባሁ።

ቀና ስል ከእንሰቱ መሃል ሰዎች ቆመው ያዩኛል። ደስ አለኝ።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ትንሽ ብትገፉን» አልኩ።

ዝም አሉ። ጠጋ ብዬ አሁንም ሰላምታ ሰጠሁ። የመጀመሪያውን ትከሻ ልነካ እጄን ስዘረጋ ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘሁት። ትክል ድንጋዮች ናቸው። አንዳንዱ ከሰው ይረዝማል፣ አንዳንዱ ጎብጧል። ያንን መንገድ በቡና ወቅት ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ እንዳሉ አላውቅም ነበር። ቆሜ አላውቅማ።

ተመልሼ ኮፈኑን ከፈትኩና የፍሪሲዮኑን ዘይት ማጠራቀሚያ ክዳን አነሳሁ። ውስጡ የሚገባው የፍሬን ዘይት ነው፤ እንደ ውሃ ቀጭን፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ። እዚህ ውስጥ ያለው ግን ጠቁሯል፣ ከላዩም ወፈር ያለ ነገር ተንሳፏል። በጣቴ አሸሁት። ሙልጭልጭ የሚል የማሽን ዘይት ነው።

«ማን ነው ይሄን የጨመረው?» አልኩ፣ ለራሴ።

ምሕረት ወርዳ አጠገቤ ቆማ ነበር። ጣቴን ይዛ አሸተተችው።

«አባዬ ነው» አለች። «ባለፈው ሳምንት አንተ ቡና ስትመዝን። ‹የከድር መኪና እግሯ ደክሟል፣ ዘይቷ ጎድሏል› ብሎ ከቡና መፈልፈያው ዘይት ጨመረበት። መፈልፈያው በዚያ ዘይት ስንት ዓመት ሠርቷል፣ አንድ ቀን አልቆመም። አትንገሪው አለኝ፣ ያመሰግነኛል አለ።»

ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ከፔዳሉ በላይ ባለው ፖምፓ ውስጥ ጎሚኒ የምንለው ላስቲክ አለ። የፍሬን ዘይት ጎሚኒን አይነካውም፤ የማሽን ዘይት ግን ያሳብጠዋል። እግርህን ስታነሳ ዘይቱ የሚመለስባት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መንገድ አለች፤ ያበጠው ጎሚኒ እሷን ይደፍናል። ሞተሩ ሲሞቅ የታሰረው ዘይት ይሰፋል፣ መውጫ ሲያጣ ፍሪሲዮኑን ይገፋል። እግር ሳይኖር ይረገጣል ማለት ነው።

ይህን በደንብ አስረዳኋት። አስተማሪ ናት፣ በደንብ ሰማች። ሲያልቅ እንዲህ አለች፦

«ስለዚህ የረገጠው አባዬ ነው።»

የማጠራቀሚያውን ክዳን መልሼ ገጠምኩ።

መድኃኒቱ ጎሚኒውን መቀየር ነው፤ የኔ መኪና ጎሚኒ ደግሞ ዲላ እንጂ እዚህ አይገኝም። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ከመኪናው ሥር ገብቼ ካምቢዮው ጎን ባለው በታችኛው ፖምፓ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ በቁልፍ ላላ አደረግኋት። የታሰረው ዘይት ተስፈንጥሮ ክንዴን መታኝ፤ ይሞቃል፣ የሰው ላብ ያህል። ፔዳሉ ከላይ ሲወድቅ ሰማሁት።

«ተነሳ?» አለች።

«ተኛ» አልኳት። «ከእንግዲህ ፍሪሲዮን የለንም። መኪናዋ ግን ትሄዳለች። ችግሩ መቆም አትችልም፤ ከቆመች ሞተሩ ይጠፋል።»

አንደኛ ማርሽ አስገብቼ በማስነሻ ሞተሪኖው ጎትቼ አስነሳኋት። እንደ ግትር በሬ ሁለት ጊዜ ተወራጨችና ሄደች። ሁለተኛ ማርሽ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጥኩ ነዳጅ ለቀቅ አድርጌ አስገባሁ። ይህን የተማርኩት ከድህነት ነው፤ ድሮ የነበረችኝ መኪና ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አታውቅም ነበር።

ይርጋጨፌን ሳንቆም

ይርጋጨፌ ከተማ ውስጥ ሁሉም ሰው ትዝ የሚለው መንገድ ማቋረጥ ነው። እያዘገምኩ፣ ጥሩምባ እየነፋሁ አለፍኩ። ትራፊክ ፖሊሱ ለማስቆም እጁን አነሳ። እኔ አልቆምኩም። ሳጥኑን ሲያይ ያነሳውን እጅ ወደ ኮፍያው ወስዶ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ወዲህ ትራፊክ እንዲህ በክብር አሳልፎኝ አያውቅም።

የአሪቻው ጥርጊያ መንገድ ላይ ስንገባ ቀኑ ወደ ማለቁ ነበር፤ ፀሐይዋ የት እንዳለች ጉሙ አያሳይም። ምሕረት ሰማዩን ታያለች፣ እኔ መንገዱን አያለሁ።

«እዚህ ዳገት ላይ ብትጠፋ እንደ ቅድሙ አትነሳም?» አለችኝ።

«ይሄ ከቅድሙ ዳገት ይከፋል፤ ብትነሳም የኋሊት ነው።»

የአገሩን ልማድ ሁለታችንም እናውቃለን። ሳጥን ሲመጣ ሰፈርተኛው ከመንደሩ አፋፍ ወጥቶ ይቀበላል፤ መኪናው ይቆማል፣ ይለቀሳል፣ ወንዶቹ በትከሻ ይረከባሉ። ሳይቆም ያለፈ ሟቹን ንቋል።

አፋፉ ላይ ቆመው ነበር። መጀመሪያ ድንጋይ መሰሉኝ፤ ይሄኛውን ስህተት ግን አንዴ ነው የምሠራው። መንገዱን ሞልተውታል። ምሕረት ከወገቧ በላይ በመስኮቱ ወጥታ በጌዴኦኛ ጮኸች። እኔ የገባኝ የአባቷ ስምና የኔ ስም ብቻ ነው። ልቅሶው ቀጥ አለ። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ።

አንደኛ ማርሽ ላይ ነኝ፤ የሰው እርምጃ ያህል ነው የምሄደው። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ጉሙ ፊት አያሳይም፤ እጆች ብቻ ከግራና ከቀኝ እየወጡ ሳጥኑ ላይ አረፉ። ብዙ እጆች። የሚሰማው የእግራቸውና የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው። እንዲህ ሆነው ከመኪናዋ ጋር ዳገቱን ወጡ። ሸክሙ በነሱም በመኪናዋም ላይ ነበር።

ግቢው ውስጥ ቁልፉን አጠፋሁ። ተወራጭታ ቆመች። ወንዶቹ ሳጥኑን ከኋላ ሲያነሱት፣ ወለሉ ላይ ተኝቶ የዋለው ፔዳል ቀስ ብሎ ብቻውን ተነሳና ቦታው ገባ። ስፕሪንግ ነው። መኪናዋ ስትቀልና ስትነቀነቅ ስፕሪንጉ ሳበው። ይህን አውቃለሁ። ምሕረትም አየችው።

በብርሃን ተቀበረ። የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ አጠር አድርገው ጸለዩ። ክዳኑ ላይ የመጀመሪያው አፈር ሲወድቅ ምሕረት ጆሮዋን አዘንብላ ድምፁን ሰማች፤ እንጨት ላይ እንጂ ፊት ላይ አይደለም። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ድንኳኑ ሥር ቆጮና ጎመን አቀረቡልኝ። እሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሽ ከድር፣ አባዬ ባይጨምርበት ኖሮ ይሄን ሁሉ አናይም ነበር፣ አይደል?»

እኔ መልስ ከሐሳብ በፊት አፌ ላይ የሚመጣልኝ ሰው ነኝ። ይሄኛውን ግን ቆጮውን አኝኬ ጨርሼ ነው ያወጣሁት።

«ባለፈው ሳምንት ዘይቴ አልቆ ነበር» አልኳት። «እሱ ባይሞላልኝ እዚሁ ዳገት ላይ አድር ነበር።»

«እውነት?»

«እውነት።» እውነት ነበር፤ ግማሹ። «ደግሞ ፍሪሲዮን የሚረገጠው ለማቆም ብቻ አይደለም። ማርሽ ቀይሮ ለመቀጠልም ነው።»

አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት።

ዲላ

በማግስቱ በዚያው ስልት ወርጄ ዲላ ገባሁ። ጋራዥ ውስጥ የላይኛውን ፖምፓ ፈታን። ጎሚኒው አብጦ ለስልሶ፣ የበሰለ የቡና ፍሬ መስሎ ወጣ። የታችኛውንም ቀየርን፣ ቱቦውን በንጹሕ የፍሬን ዘይት አጠብን፣ አንዱ እየረገጠ አንዱ እየፈታ አየሩን አስወጣን። ፔዳሉ ከላዩ ሁለት ጣት ልል ሆነ።

ከመንገዱ የተማርኩት ለሌላ ሾፌር ይጠቅማል፦ ፔዳል ሲጠነክር አትደሰት፤ በእጅህ ፈትሽ፤ የዘይቱን ማጠራቀሚያ ክፈትና አሽትት፤ መካኒክ ዲስክ ይውረድ ከማለቱ በፊት መኪናዋ ስትቀዘቅዝ ምን እንደምትሆን እይ። ከፍሬን ዘይት ሌላ፣ የወዳጅም ቢሆን፣ አታስገባ።

አሪቻ አሁንም እወጣለሁ፤ ቡናውን የምትመዝንልኝ ምሕረት ናት። ከወናጎ በላይ ያለው ዳገት ላይ መኪናዋ ደህና ናት፣ አንድም ቀን አልለቀቀችም። እኔ ግን ያን ቦታ ሳልፍ ወደ ታች አያለሁ። ግራ እግሬ ወለሉ ላይ ነው። ፔዳሉ ላይ ማንም የለም። አረጋግጬ ነው ነዳጅ የምሰጠው።