እናቴ የምትታይበት ካሜራ

ባለፈው ሳምንት ከትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ዘገባ ሠርተን ስንመለስ፣ ኢታንግ ላይ ምሳ ልንበላ እንደቆምን ስልኬ ጠራ። ታናሽ እህቴ ትርሲት ነበረች። ከወለደች ገና ጥቂት ወራት ቢሆናት ነው። ያረገዘችበት ጊዜ ፎቶዎች በሙሉ የነበሩበት ስልኳ ውኃ ውስጥ ወድቆ ከነፎቶዎቹ ቀርቷል። ስለዚህ እሷና ባለቤቷ ለቤት የሚሆን፣ ዋጋው የማይጎዳ ትንሽ ካሜራ ሊገዙ አስበው፣ ከሁለት አንዱን መምረጥ አቅቷቸዋል።

“ጋሼ፣ የቱ ይሻላል? አንተ መቼም ታውቃለህ” አለችኝ።

በሥራዬ ከዚህ የከበደ ጥያቄ ስጠየቅም ስጠይቅም ኖሬአለሁ። ለዚህኛው ግን ቆይቼ ልደውልልሽ አልኳት። ሾፌራችን ያዘዘው የባሮ ዓሣ ተጠብሶ መጣ፤ ሎሚ ጨመቅንበት። እጄ እየበላ ሐሳቤ ጋምቤላ ከተማ፣ የወላጆቼ ቤት በረንዳ ላይ ነበር። ማንጎው አብቦ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንቋቋው፣ ትርሲት ገና የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ሕፃን ሳለች።

ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እየጠበቅሁ ነበር። አባቴ ነርስ ነው። ከጎጃም ተመድቦ ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ መስሎት ነበር፤ እናቴን አገባና ቀረ። እናቴ አሪየት የአቦቦ አኝዋ ናት። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአኝዋ ቋንቋ ታስተምር ነበር። በዚያ በጋ ሆዷ ውስጥ ዕጢ ተገኘና ጂማ ሄዳ ቀዶ ሕክምና እንድታደርግ ተጻፈላት። አባቴ የሰው ሕመም ሲያስረዳ ምላሱ የተፈታ ነው። የእሷን ግን አፉን ሞልቶ ማንሳት አቃተው። ብዙ ማወቁ ሳይሆን አይቀርም ያስፈራው። በዚያ ፈንታ ስለ ካሜራ ማውራት ጀመረ።

የካሜራው ነገር የመጣው ከእናቴ ነው። ግድግዳችን ላይ የሠርጋቸው ፎቶ ተሰቅሎ ነበር፤ ባሮ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ የተነሱት። የአባቴ ሸሚዝ ያበራል፤ ወንዙ ያብለጨልጫል፤ የእናቴ ቀሚስና ከእናቷ የወረሰችው ሰማያዊ ዶቃ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ፊቷ ግን የለም። ፊቷ ሊኖር በሚገባበት ቦታ ያለው ጥላ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ የተነሳናቸውም እንደዚያው ነበሩ። አባቴ ሲታይ እሷ ትጠፋለች፤ እሷ እንድትታይ ፎቶ አንሺው ሲያስተካክል አባቴ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። እናቴ ትቀልድበት ነበር። “እኔ ጥርሴን ካላሳየሁ የለሁም” ትላለች።

አንድ ማታ ትርሲት ወንበር ላይ ቆማ ጣቷን የሠርጉ ፎቶ መስተዋት ላይ አደረገችና “እማዬ፣ አንቺ የት ነሽ?” ብላ ጠየቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር። እናቴ አልሳቀችም። እራት ላይ፣ የባሚያ ወጡን እየጨለፈች፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር እፈልጋለሁ አለች። “አራታችንም ያለንበት፣ እኔ የምታይበት አንድ ፎቶ። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን።” አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።

የጂማው መኪና የሚነሳው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነበር። ፎቶ ቤት እንዳንሄድ ፊልሙ የሚታጠበው ሌላ ከተማ ተልኮ ነው፤ ፊቷ ይውጣ አይውጣ የምናውቀው እሷ ከሄደች በኋላ ይሆናል። ዲጂታል ካሜራ ግን እዚያው ያሳያል። ለቤታችንም ይሆነናል ተባለና መምረጡ ለእኔ ተሰጠ።

መረጃ መሰብሰብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልማዴ ነው። የአንድ ርዳታ ድርጅት ሾፌር ጠየቅሁ፤ ካሜራ ያለው አስተማሪ ጠየቅሁ፤ ባሮ ዳር የሚያነሳውን ፎቶ አንሺም ጠየቅሁ። አንዱ ፒክስሉን፣ የምስሉን ነጥቦች ብዛት፣ እይ አለኝ፤ አንዱ ሌንሱን፤ ሦስተኛው ሁለቱም አያውቁም አለኝ። ብዙ ባወቅሁ ቁጥር ፍርሃቴ ጨመረ። ገንዘቡ ለጂማው ጉዞ ከተያዘው ላይ የሚነሳ ስለነበር፣ ብሳሳት ሌላ የምንገዛበት አልነበረም። ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ የማስበው ስለ ዕጢው ሳይሆን ስለ ፒክስል ነበር። አሁን ሳስበው እኔም አባቴም አንድ ዓይነት መሸሸጊያ አግኝተናል።

ረቡዕ ቀትር ሲቃረብ አራታችንም ገበያው አጠገብ ወዳለው የሐጂ ሙሄ ሱቅ ሄድን። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው። ራዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ ብረት ድስት፣ ሁሉንም ይሸጣሉ። ሙቀቱን ለመከላከል መስኮቶቹን ስለሚዘጉ ሱቁ ጨለማ ነው። ሁለት ካሜራዎች አወጡልን። አንደኛው ቀጭን፣ ብርማ፣ ፒክስሉ የበዛ፣ ራሱን የቻለ በኤሌክትሪክ የሚሞላ ባትሪ ያለው። ሌላው ወፈር ያለ ጥቁር፣ ፒክስሉ ያነሰ፣ በየኪዮስኩ በሚሸጠው የጣት ባትሪ የሚሠራ።

በሁለቱም እዚያው ሱቁ ውስጥ አነሱን። ፍላሹ ቦግ ሲል ድስቶቹ ሁሉ አብረው አበሩ። እናቴ በሁለቱም በደንብ ታየች። አባቴ ደስ አለው። እኔ ግን ይህ ምንም አያረጋግጥም አልኩ፤ ፊቷ የሚጠፋው ውጭ በብርሃን ነውና፣ ውጭ ወስደን እንየው።

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸው ሕግ ይታወቃል፤ ዕቃ ሳይገዛ ደፍ አያልፍም። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ራዲዮ ለሚስቱ ሊያሰማ ወስዶ፣ ራዲዮው አቦቦ ለቅሶ ደርሶ፣ ሠርግ በልቶ እንደተመለሰ ነገሩን።

“ዕቃ ከወጣ ሰው ይገባል፤ አንዳችሁ እዚህ ቁጭ በሉ” አሉ።

አባቴ እኔ እቀመጣለሁ አለ። እናቴ ዞራ አየችው። “አንተ ከሌለህበት ምን ልሁን ብዬ ነው የምነሳው?” አለችው። እኔ ልቀመጥ አልኩ፤ ያው መልስ ደረሰኝ። ትርሲት ብስኩት ከተሰጣት እንደምትቀመጥ ተናገረች። ሐጂ ለእሷ ብስኩቱን ሰጧትና እናቴን ትኩር ብለው አዩ።

“እህቴ፣ መንገድ አለሽ እንዴ?”

“ነገ። ጂማ። ሆዴን ሊከፍቱት።”

ሐጂ ከመደርደሪያው ሥር ቁልፋቸውን አነሱ። ለነገሩ ለዙህር ሶላት መዝጋቴ አይቀርም፣ ትንሽ አስቀድሜ ብዘጋ ምን አለበት አሉ። “እኔው ራሴ አነሳችኋለሁ። ዕቃዬም ከዓይኔ አይጠፋ፤ እናንተም አትጉደሉ።”

ባሮ በበጋ ዝቅ ይላል። ዳርቻው ላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ልጆች ይዋኛሉ፤ ትንንሽ ጀልባዎች አሸዋው ላይ ተጋድመዋል። ወንዙን ከኋላችን አድርገን ተሰለፍን። ሐጂ መጀመሪያ በብርማው አነሱን። ወደ ካሜራው የምስል ማያ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሸሚዙ አለ፤ ወንዙ አለ፤ ዶቃው አለ፤ ፊቷ የለም። በጥቁሩም ያው ሆነ። ትርሲት አየችና ወደ ብስኩቷ ተመለሰች። ከጥያቄዋ ይህ ባሰብኝ። አባቴ ሰዓቱን ተመለከተ፤ የምንቸኩልበት ነገር ግን አልነበረም።

ቀጥሎ የሆነው ከሐጂ የንግድ ልማድ የመጣ ነው። ዕቃ ሲሸጡ እያንዳንዱ ቁልፍ መሥራቱን ሳያሳዩ አይሸጡም፤ ነገ ተበላሽቷል እንዳይባሉ። ምንም እንኳ ፊታችን ቢጠቁርም የጥቁሩን ካሜራ ቁልፎች ገና አሳይተው አልጨረሱም ነበር። የመብረቅ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ደጋግመው ተጫኑና ፍላሹን አበሩት። አባቴ ትዕግሥቱ አለቀ።

“ሐጂ፣ በዚህ ፀሐይ ፍላሽ? ባትሪውን እኮ ሊጨርሱት ነው።”

“እንደሚሠራ ይታይልኝ፣ ዶክተር። ኋላ እንዳትመጣብኝ” አሉት። ከተማው ነርሱን ሁሉ ዶክተር ነበር የሚለው።

ፍላሹ ቦግ ሲል አንዲት አጣቢ ከወንዙ ቀና ብላ፣ “እናንተዬ፣ ፀሐይዋ አልበቃችሁም?” ብላ ጮኸች። ሌሎቹም ተሳሳቁ።

እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መለሰችላቸው። “ፀሐይዋ የሁላችንም ናት። ይቺ የእኔ ናት።”

ወንዙ ዳር በሙሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ሐጂ በሳቋ መሐል ደግመው ተጫኑ። ማያው በፀሐዩ አልታይ ሲለን ኮፍያቸውን አውልቀው ከለሉት። አምስታችንም ጭንቅላታችንን ኮፍያው ሥር አጠጋጋን።

እናቴ ነበረች። ግንባሯ፣ ስትስቅ የሚጨማደደው የዓይኗ ጥግ፣ በፊት ጥርሶቿ መካከል ያለው ክፍተት፣ ሁሉም። አባቴም አለ፤ እኔም አለሁ፤ ትርሲት ብስኩቷን እንደያዘች አለች። “ይቺ እማዬ ናት” አለች ትርሲት፣ ሰው እንደምታስተዋውቅ። አባቴ ወደ ወንዙ ዞሮ ረጅም ጊዜ ጀልባ ሲያይ ቆየ።

እውነቱን ለመናገር በኋላ እንደተረዳሁት ብርማውም ፍላሹ በቀን እንዲበራ ቢታዘዝ ያው ያደርግ ነበር። ካሜራ ብርሃን የሚለካው ፊቱ ካለው ነገር ሁሉ ነው፤ ወንዙና ሸሚዙ ሲያበሩ ጠቆር ያለውን ፊት ይበልጥ ያጨልመዋል። ያን ቀን ያገኘነው የተሻለውን ካሜራ ሳይሆን አጠቃቀሙን ነበር። ጥቁሩን የገዛነው በጣት ባትሪው ምክንያት ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ያ ብቻውን በቂ ነበር።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አባቴና እናቴ ሄዱ። ካሜራው ከእኛ ጋር ቀረ። በዚያው ሳምንት መብራት ጠፋ። ትርሲት በየማታው “እማዬን አሳየኝ” ትለኛለች፤ ትንሽ አሳያትና ባትሪው እንዳያልቅ አጠፋዋለሁ። አንድ ጊዜ ትንሿ ጣቷ የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ያለበት ቁልፍ ላይ አረፈች። ማያው በእንግሊዝኛ “ይሰረዝ?” የሚል ጥያቄ አወጣ። ካሜራውን ከእጇ እንዴት እንደነጠቅሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ፎቶው ሌላ ቦታ አልነበረም። እናቴም ትመለስ አትመለስ አላውቅም ነበር። ከአባቴ ሣጥን የቁስል ፕላስተር አወጣሁና ቁልፉን ለጠፍኩበት።

አባቴ ሊደውልልን ይዞ የሄደው የሐጂን ሱቅ ስልክ ቁጥር ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው ራሳቸው ደጃችን ላይ ቆሙ። “አባትህ መስመር ላይ ነው፣ ና” ከማለት በቀር ቃል አልጨመሩም፤ እኔም ፊታቸውን ላለማየት መሬት መሬቱን እያየሁ ተከተልኳቸው። የገበያው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ከስልኩ ጎን የተቀመጠውን እጀታ አነሳሁ።

“ነቅታለች” አለ አባቴ። ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ፤ መስመሩ ይሁን እሱ አልለየሁም። ቆይቶ፣ “መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መሰለህ? ትርሲት ፊቴን እያየች ነው ወይ አለችኝ” አለ።

ኢታንግ ላይ ዓሣው እስኪያልቅ ይህን ሁሉ ሳስብ ቆይቼ ለትርሲት ደወልኩ። የምትነሱት እነማን ናችሁ ብዬ ጠየቅኋት፤ ባሏ ከደጋ መጥተው አቦቦ የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ነው፣ ቀላ ያለ፤ እሷ እናቷን ትመስላለች፤ ሕፃኑ ገና አልለየለትም። ሁለቱም ካሜራ ይሆናችኋል፤ ባትሪው በቅርባችሁ የሚገኘውን ውሰጂ፤ ከመግዛትሽ በፊት ግን ሁላችሁም ቀትር ላይ ውጡና ፍላሹን አብርታችሁ ሞክሩት አልኳት።

“በፀሐይ?” ብላ ሳቀች። አላስታወሰችውም፤ ልጅ ነበረች። ከኋላዋ ግን ሕፃን የሚያባብል የአሮጊት ድምፅ ተሰማኝ። “ይሰረዝ የሚለው ላይ ፕላስተር ይለጠፍበት በይው” አለች እናቴ።

የድሮው ካሜራ ከሞተ ቆይቷል፤ ፎቶውም ታትሞ በሠርጉ ፎቶ ቦታ ተሰቅሏል። ሬሳውን ግን እናቴ ቁም ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ባለፈው ስሄድ አውጥቼ አየሁት። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዙም ተነስቷል። በጣቴ መልሼ ጫንኩት።