ወደ ሰሜን የኮበለለው ኢድዋል

ኢድዋል ፕሮሰር ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ የግራ ጆሮው የተቀቀለ ጎመን መስሎ ነበር። ዌልስ ውስጥ ባለ አንድ ሸለቆ ሳምንቱን ሙሉ ከሰል ሲቆፍር ይሰነብትና ቅዳሜ ሲመጣ ሞላላዋን የራግቢ ኳስ ታቅፎ ሰው እየደረመሰ ይሮጣል። ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ እንግሊዞችን አፈር ድሜ ካስጋጠ በኋላማ በሸለቆው ውስጥ የሚያህለው ጠፋ። ሰባኪው እንኳ ከመድረክ ሳይወርድ “ጉልበትህ ተሻለው ወይ?” ብሎ ይጠይቀው ጀመር።

ክብሩ ግን ድስት ውስጥ የሚገባ አልነበረም። በአሥራ አምስት ሰው የሚጫወቱት ራግቢ ለፍቅር ብቻ ነው፤ በኳስ ሳንቲም የተቀበለ ሰው እንደ ከሃዲ ተባርሮ ይቀራል። በእንግሊዝ ሰሜን ደግሞ ከራግቢው ማኅበር የተገነጠሉ ክለቦች ነበሩ። እነሱ በአሥራ ሦስት ሰው ይጫወታሉ፣ ለተጫዋችም ይከፍላሉ። ደላሎቻቸው ጎበዝ ፍለጋ ወደ ሸለቆው ብቅ ሲሉ ከተያዙ ወንዝ ውስጥ ተወርውረው ነው የሚሸኙት።

ክሌግ የተባለው ደላላ ይህን ስለሚያውቅ ጥቁር ልብስና የሰባኪ ኮሌታ አድርጎ እሑድ ጠዋት ከባቡር ወረደ። ክፋቱ፣ የመንደሩ ሰባኪ በዚያው ቀን ጉሮሮው ተዘግቶ ነበር። የኢድዋል አባት ኤቤን የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ፣ የራግቢው ክለብም በር ጠባቂ ነው። እንግዳውን መንገድ ላይ ሲያገኘው ክንዱን ይዞ “እግዚአብሔር ነው የላከዎት” እያለ በቀጥታ መድረኩ ላይ አወጣው።

ክሌግ ከመጽሐፉ የሚያስታውሰው አብርሃምን ብቻ ነበር። ዓይኑን ኢድዋል ላይ ተክሎ ስለ አብርሃም ለፈለፈ፦ አገሩን ጥሎ ስለ መሄዱ፣ በሄደበት ከነዕቃው ቤት ስለ መሰጠቱ፣ ለሚስቱም ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ጥሩ ሥራ ስለ መገኘቱ። ኤቤን እንዲህ ያለ ስብከት ሰምቶ አያውቅም፤ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ እንባውን ጠረገ።

ስብከቱ ሲያልቅ ኢድዋልና ሚስቱ ማርጌድ ክሌግን ከጸሎት ቤቱ ጀርባ አገኙት።

“ጌታው፣ ነገሩስ ገብቶኛል” አለ ኢድዋል፣ “ግን የኔዋ እናቷን ጥላ አትሄድም።”

“ማነው ያለህ?” አለች ማርጌድ። “እናቴን ጥዬ የምሄድበትን ቀን እኮ ነው ስጠብቅ የኖርኩት።”

ሰኞ ማለዳ ሄዱ። የኤቤን እንባ ለደላላ የፈሰሰ መሆኑ ሲታወቅ መጠጥ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። “ሽማግሌ፣ አብርሃም እንዴት ነው? ጎል አስገባ?” ይሉት ነበር። እሱም ልጁን ዳግመኛ ላያናግር ማለ፤ ክለቡ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቡድኑ ፎቶም ኢድዋልን በምላጭ ቆርጦ አወጣው። ከጎኑ የቆመው ሰውዬ እጁን ባዶ ቦታ ላይ እንዳሳረፈ ቀረ።

ሰሜን ላይ ኢድዋል በመጀመሪያው ጨዋታ ተዋረደ። ኳሷ ከመስመር ስትወጣ እንደ ለመደው ወደ ዳር ሮጦ፣ ሁለት እጁን ሰቅሎ፣ የሚወረወርለትን ጠበቀ። እዚያ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ጓደኞቹ መሃል ሜዳ ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው መግፋት ጀምረዋል፣ እሱ ብቻውን እጁን እንደ ሰቀለ ቆሟል።

“የኔ ልጅ” አለችው ከዳር የቆመች አንዲት ባለ ሻሽ፣ “ባቡር እየጠበቅክ ነው?”

ከተማው በዚያ ቀልድ ክረምቱን ሙሉ ከረመ። ኢድዋል ግን ልብ ያለው ሰው ነበርና አዲሱን ጨዋታ ከሥሩ ተማረው፤ ሲጥሉት ቶሎ መነሣትን፣ ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ ማቀበልን። በሦስተኛው ዓመት ሰሜን የሚጫወቱ ዌልሳውያን የራሳቸውን ብሔራዊ ቡድን ሲያቋቁሙ እሱም ተመረጠ። ከእንግሊዝ ጋር የሚገጥሙት ከመንደሩ ማዶ ባለው ሸለቆ ነው ተባለ።

ኤቤን ወሬውን ሲሰማ “እሄዳለሁ” አለ፤ “ሄጄ እሰድበዋለሁ።”

እውነትም ሄደ። ከመዘምራኑ ሁሉ የወፈረ ድምፅ ነበረውና ከመጀመሪያው ፊሽካ አንሥቶ “ከሃዲ” ሲል ሜዳው ያስተጋባል። ኢድዋል ያንን ድምፅ ከሰማ ስንት ጊዜው። ደረቱ ሞቀ፤ ሦስት እንግሊዞችን ጀርባው ላይ እየጎተተ ከመስመሩ ማዶ ወደቀና ነጥብ አስቆጠረ። በዚህ ጊዜ ከኤቤን ጎን የቆመ አንድ ባለ ባርኔጣ አብሮ መሳደብ አማረውና “ይሄ ጎመን ጆሮ” አለ።

ኤቤን ዞረ። “የማንን ልጅ ነው የምትሰድበው?” አለና በጃንጥላው አናቱን አለው፤ ፖሊስም ይዞት ሄደ።

ኢድዋል ጨዋታው እንዳለቀ ጭቃውን ሳያራግፍ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ። አባቱ አግዳሚ ወንበር ላይ የተሰበረ ጃንጥላውን ይዞ ተቀምጧል።

“አባባ፣ ምን ሆነው ነው?”

“አላናግርህም ብያለሁ።”

“እሺ፣ አያናግሩኝ። ሲሳደቡ ግን ሰምቼዎታለሁ።”

“የት ሆነህ?”

“መሃል ሜዳ።”

“ድምፄስ አለ ማለት ነው” አለ ኤቤን፤ ከዚያም አጠገቡ ቦታ ለቆለት ጠጋ አለ።

ጉልበቱ ሲከዳው ኢድዋል ከማርጌድ ጋር ወደ ሸለቆው ተመለሰ። ክለቡ ዕድሜ ልኩን በደጁ እንዳያልፍ አግዶታልና ከደጁ ፊት ለፊት ዓሣና ድንች መጥበሻ ቤት ከፈተ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያገዱት ሹማምንት እየራባቸው መንገዱን ይሻገራሉ። ማርጌድ ፈገግ ብላ ትቀበላቸዋለች፤ የሚደርሳቸው ግን ጅራት ጅራቱ ብቻ ነው።

“ከሁለቱ ጨዋታ የቱ ይሻላል?” ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

“በአንደኛው ሰው ይረግጥህና ይቅርታ ይልሃል” ይላል ኢድዋል፤ “በሌላኛው ይረግጥህና ደመወዙን ይቀበላል።”

ኤቤን ጥግ ላይ ድንች እየላጠ “ወሬውን ተውና ዓሣውን ገልብጥ፤ እያረረ ነው” ይለዋል።