የተቸነከረው መስኮት

አባቴ የእህቴን ክፍል መስኮት ጭሮ ከተማ ካለው ሱቃችን ባወጣው ትልልቅ ሚስማር ቸንክሮ ዘጋው። በእያንዳንዱ ምት ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና እየሳለች ታየው ነበር።

"ብርድ ነው የመታት። ንፋስ ከገባ ትሞትብኛለች" አለ።

እውነት ይፈራ ነበር። ግን ሳሏ ወደ መንገድ እንዳይሰማም ነው። ከመሰላ ወረዳ ሽማግሌ ልከው የጠየቋት ሰዎች ነበሩ፤ የሳንባ በሽታ ደግሞ በዘር ይሄዳል ይባላል፣ ቤቱ ከተጠረጠረ ልጅቷን የሚወስዳት የለም። ብቻዋን እንዳትሆን ብሎ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ እሷ ጋ ይገባል፤ በሩንም ይዘጋል።

በድብቅ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን አመጣኋት።

"አባባ፣ ድሮ የፈረንጅ ሐኪሞችም በዘር ነው ይሉ ነበር። ጀርሙን በማይክሮስኮፕ ካዩት በኋላ ነው የገባቸው። በሳል ነው የሚተላለፈው። መስኮቱን ይክፈቱት፣ ሁላችሁም ተመርመሩ" አለችው።

አባቴ ከሱቁ ባንኮኒ ላይ የሚዛኑን ብረት አንስቶ ወረወረባት። ለጥቂት ሳታት።

በማግስቱ እህቴ ማንኪያ ማንሳት አቃታት። መጥረቢያ ይዤ ወጣሁና መስኮቱን ከውጭ ፈለጥኩት። ሳንቃው ሲሰነጠቅ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። አባቴ ከሱቅ እየሮጠ መጥቶ ጀርባዬን በዱላ አለኝ። ሁለተኛው ምት ጆሮዬ ላይ አረፈና ወደቅኩ።

"ወላሂ እገድልሃለሁ!"

ሦስተኛውን ሲያነሳ ሳል ያዘው። ስንት ዓመት "የጫት ነው" እያለ የሚያላግጥበት ያው ሳሉ ነው። በዚያን ቀን ግን አልለቅ አለው። በጉልበቱ ወደቀ። መሬቱ ላይ ደም ሳይ የእኔ መስሎኝ ጆሮዬን ዳሰስኩ። ደረቅ ነበር።

አባቴና እህቴ ተመረመሩ፤ ሁለቱም ቲቢ ተገኘባቸው። ነርሷ የማን ሳል ቀድሞ እንደጀመረ ጠየቀች። አባቴ መሬት መሬት እያየ "የእኔ" አለ።

እህቴ መድኃኒቱን በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። እሱ ስድስቱን ወር ጨርሶ ዳነ። እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ዛሬ በእሷ ክፍል የሚተኛው እሱ ነው። ክረምት ሲመጣ የጭሮ ዝናብ በተሰበረው መስኮት አልጋው ድረስ ይገባል። ሥራልኝ ብሎኝ አያውቅም። እኔም አልሠራሁለትም።