ስምንቱ እግሮች

የበደለኝ የሟች ባሌ የአጎት ልጅ ነው፤ አምና፣ ከፋሲካ በኋላ በዋለው ሁለተኛ ማክሰኞ። በፊቱ አንቱ እለው ነበር። እዚህ አልለውም።

ሰፈራችን ኔቬ ዮሴፍ፣ በማትናሱ፣ በሕዝብ ማእከሉ፣ ምድር ቤት ውስጥ ባለች ክፍል፣ ዘጠኝ ጡረተኞች ማክሰኞ ከሰዓት እየተሰበሰብን የድሮ ኮምፒውተር እንሠራ ነበር፤ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካውን፣ ከአርባ ዓመት በፊት የነበረውን ዓይነት። ዋናው ቺፕ የዚያው ዘመን ነው። ምስሉን የሚያወጣውንና የቀረውን ሥራ አዲስ ሰሌዳ ያከናውንልናል፤ በውስጡ ምን ከምን እንደሚገናኝ እኛው በኮምፒውተር ጽፈን እንጭንበታለን። የጻፍነው ስህተት ከሆነ አጥፍተን እንደገና እንጽፋለን። ሰሌዳው ከተቃጠለ ግን መላ የለውም። ያለን ደግሞ አንድ ሰሌዳ ብቻ ነበር፣ እሱም የማትናሱ።

ክፍሉን ያስከፈተው እሱ ነው፣ ያንን አልክድም። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ወደቡ አጠገብ ባለ ፋብሪካ በብየዳ ሠርቻለሁ። ቀድሜ እየደረስኩ ጠረጴዛውን ስለማዘጋጅ ቁልፉን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ እሱም ሌላ ቁልፍ ነበረው።

የድሮው ቺፕ በአምስት ቮልት ይሠራል፤ አዲሱ ሰሌዳ ከሦስት ነጥብ ሦስት በላይ አይችልም። ስለዚህ በመካከላቸው ቮልቱን የሚያወርዱ ትንንሽ ቺፖች እናስገባለን። አሥራ ስድስቱን የአድራሻ ሽቦዎች እኔ ሰካኋቸው። ስምንቱን የዳታ ሽቦዎች ማንንም ሳያስነካ እሱ ሰካ፤ ዋናው እነሱ ናቸው እያለ ለሁሉም ይናገር ነበር። ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ማክሰኞ ምስል መጣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት።

ዕቃ ስሰበስብ አየሁት። ከስምንቱ ሽቦዎች ላይ ቮልት ማውረጃው ቺፕ ወጥቷል፤ አምስቱ ቮልት በቀጥታ ሰሌዳው ውስጥ ይገባል። ታላቅን በሰው ፊት ተሳሳትክ አይሉም፤ እንዲህ ነው ያደግነው። የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ኮቴን ይዤ ጠበቅሁ።

«ጋሼ፣ ስምንቱን በቀጥታ አድርገዋቸዋል።»

«እያወቅሁ ነው ያወጣሁት። ያዘገየዋል። ምስሉን አላየሽም?»

«ዛሬ ሠራ። ሰሌዳው ግን ይቃጠላል።»

ሳቀ። «እቴ፣ ሽቦ ስትለጥፊ ኖረሽ ዛሬ መሐንዲስ ሆንሽ? ቤሰደር፣ እሺ፣ አየዋለሁ።»

እሱ ወጣ፤ እኔ ቆልፌ ሄድኩ። አክብሬው ለብቻው መናገሬ ያለ ምስክር እንደሚያስቀረኝ አላሰብኩም።

በሳምንቱ ሰሌዳው ሞቶ ተገኘ። ሁሉም ከበውት ቆሙ። ተጠግቼ ሳይ ማውረጃው በቦታው ተሰክቷል፣ ጭራሽ ወጥቶ እንደማያውቅ። እሱ ወደ እኔ ሳያይ፣ በቀስታ፣ ባለፈው ሲሠራ ሁላችሁም አይታችኋል አለ። ከዚያ በኋላ መጨረሻ ላይ ማን እንደ ቀረና ማን እንደ ቆለፈ ጠየቃቸው። «ዕድሜ ነው» አለ፣ «እጇ ይንቀጠቀጣል። አትፍረዱባት።»

ስድቡ አይደለም ዝም ያሰኘኝ፤ ፍርሃት ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የብርድ ወራት ድስት ጋዝ ላይ ረስቼ ወጥቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ክርያት ቢያሊክ የምትኖረው ልጄ ፍሪጁ ላይ ወረቀት መለጠፍ ጀምራ ነበር፤ ጋዝ፣ ቁልፍ፣ መድኃኒት። የአእምሮ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዛልኝ ነበር። ማውረጃው ወጥቶ በእርግጥ አይቻለሁ ወይስ የመሰለኝ ነው? ለእሱ መንገሬስ እውነት ነው ወይስ ቤቴ ገብቼ ያሰብኩት? አውቶቡስ ውስጥ ንግግሩን ከመጀመሪያው ደጋግሜ ለራሴ እላለሁ። በደገምኩት ቁጥር የሌላ ሰው ወሬ እየመሰለኝ ሄደ። ካልሆነ፣ ካልተነጋገርን፣ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጋዙንም፣ ቤቱንም፣ ቁልፉንም ከእጄ ይወስዳሉ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ብቻዬን ከሰሌዳው ጋር ቢያገኙኝ የተባለው ሁሉ እውነት ይሆን ነበር። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ከላይ የሕፃናት ሩጫ ይሰማል፤ እግር ደረጃውን በወረደ ቁጥር እጄን ከጠረጴዛው አነሳለሁ። ሰሌዳውን ከመብራት ነቀልኩ፣ ሽቦዎቹን በሙሉ አወጣሁ፣ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ድምፅ በሚያሰማበት ላይ አደረግሁ። ጥቁሩን ጫፍ የሰሌዳው ብረት ላይ፣ ቀዩን ሽቦ በሚሰካበት በየእግሩ። ጤነኛ እግር ዝም ይላል፤ የተቃጠለ ይጮኻል።

በእኔ አሥራ ስድስት ጀመርኩ። ብይድ እንደማይ ትንፋሼን ያዝኩ። ዝም። ዝም። አሥራ ስድስቱም ዝም አሉ። ከዚያ ስምንቱን ነካሁ፤ ስምንቱም ጮኹ። አላመንኩምና ከኋላ ጀምሬ መልሼ ለካኋቸው። ማውረጃው በቦታው ቢኖር ኖሮ እነዚያ ስምንት ብቻ፣ ሁሉም በአንድ ላይ፣ አይሞቱም። ሰሌዳው ከተቃጠለ በኋላ በራሱ ቁልፍ ገብቶ መልሶ ሰክቶታል። ያየሁትን አይቻለሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ።

ማክሰኞ ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ተነሳሁ። በሕይወቴ ታላቅን በሰው ፊት አርሜ አላውቅም። ያለ ንግግር ሃያ አራቱን እግሮች አንድ በአንድ ለካሁ። አሥራ ስድስት ጊዜ ዝም አለ፣ ስምንት ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ጠየቅሁ።

«ስምንቱን ማን ነው የሰካቸው?»

ሁሉም እሱን አዩ። እሱ መነጽሩን አውልቆ ይወለውል ጀመር። «በሰው ፊት ነው የምትይኝ?» አለ።

«ለብቻዎ ነግሬዎት ነበር።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ልጄን የሐኪሙን ቀጠሮ እንድትሰርዘው ነገርኳት። የራሴን ሰሌዳ ገዛሁ። በሰኔ ለዕርቅ ሽማግሌ ላከ፤ በር አልከፈትኩም። በኅዳር ሲሞት ለቅሶ አልደረስኩም።