የእናቴ ዶሮዎችና አዲሶቹ ቄቦች

እናቴ ካረፈች በኋላ አባዬ አብረው የኖሩበትን ቤት ብቻውን አልቻለውም። ከሲኤምሲ ወደ ለሚ ኩራ በሚወስደው መንገድ ወዳለው የእኔ ቤት ሲገባ፣ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ሬዲዮና በካርቶን የተቀመጡ ሦስት ዶሮዎች ይዞ ነበር። ዶሮዎቹ የእናቴ ናቸው። አርጅተዋል፤ እንቁላል መጣልም ትተዋል። ቢሆንም በቤታችን ስለ እነሱ መታረድ ትንፍሽ የሚል ሰው አልነበረም። ለፋሲካ እንኳ ዶሮ ከገበያ ተገዝቶ ሲመጣ፣ እነሱ ግቢው ውስጥ ያለ ሐሳብ ሲጭሩ ይውላሉ።

ሐሳብ የበዛበት አባዬ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው፣ በአንዲት ትንሽ ግቢ ታጥሮ መዋል አቃተው። ከውጭ በሩ እስከ ዶሮ ቤቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሬዲዮውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሳሎን አረፍ ከማለቱ ብድግ ይላል። ነገሩ ወደ እኔም ተጋባ መሰለኝ፣ ቦሌ ቢሮዬ ተቀምጬ በየመሃሉ ስልክ አነሳለሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?» እለዋለሁ።

«ምን አደርጋለሁ? አለሁ» ይለኛል።

የሚንከባከባቸው ወጣት ዶሮዎች ቢያገኝ ልቡ ያርፋል ብዬ አሰብኩ። አንድ ቅዳሜ ላምበረት ሄጄ አራት ቄቦች ገዛሁ፤ ገና እንቁላል ያልጀመሩ፣ እግራቸው ብቻ የረዘመ፣ ኮሽ ባለ ቁጥር የሚደነብሩ። ይዣቸው ስገባ አባዬ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?»

«እንቁላል ይጥሉልናል፣ አባዬ።»

«ከየት እንደመጡ ታውቂያለሽ? ፈንግል ይዘው ቢሆንስ?»

«ተከትበዋል ብሎኛል ሻጩ።»

«ሻጭ ታዲያ ምን ይበልሽ? ይሄ በሽታ አንዴ ከገባ አንድ ዶሮ አያስተርፍም። የእናትሽን ዶሮዎች...» ብሎ አቆመና፣ ካርቶኑን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰደው።

እዚያ ለብቻቸው ከረሙ። አባዬ ለዕቃ ቤቱ ሌላ ጫማ አዘጋጀ፤ ሲወጣ ጫማውን ለውጦ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው ወደ አሮጌዎቹ የሚሄደው። እኔም ጠዋት ሳላያቸው ከቤት አልወጣም። ከአራቱ አንዷ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት ትንሿ፣ አንገቷን ቀብራ ከቆመች ቀና እስክትል እጠብቃለሁ። ስብሰባ መሃል «ትንሿስ በላች?» ብዬ እጽፍለታለሁ። አባዬ መልእክት መጻፍ ስለማይወድ ይደውላል፤ እኔም ይቅርታ ብዬ እወጣለሁ። «በልታለች፤ ሥራሽን ሥሪ» ብሎ ይዘጋብኛል።

በሽታ ሳይታይባቸው ሲቆዩ፣ ግቢውን በሽቦ ወንፊት ከፈልነው፤ በአንድ በኩል አሮጌዎቹ፣ በሌላው ቄቦቹ። ሳይነካኩ ይተያዩ፣ ይላመዱ ብለን ነው። የቤቱ ሰላም ጭራሽ የጠፋው ግን ያን ጊዜ ነው። ከአሮጌዎቹ ቀይዋ አለቃ ነበረች። ላባዋን ነፍታ ሽቦውን ተከትላ ስትመላለስ ትውላለች፤ መኖ ሲበተንላት እንኳ አንዴ ለቀም አድርጋ ቀና ትላለች። ቄቦቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይንጫጫሉ። አባዬ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ቆመን እንጠብቃለን፤ ምን እንደምንጠብቅ ግን ለሁለታችንም አልገባንም።

አንድ እሑድ ትንሿ በሽቦው ሥር ሾልካ ወደ አሮጌዎቹ ገባች። ጩኸቱን ሰምቼ ስሮጥ፣ ቀይዋ መሬት ላይ አጣብቃት ጭንቅላቷን ትነቁራታለች። ደም ሲያዩ ሌሎቹ ሁለቱም ተደርበዋል። አባዬ በነጠላ ጫማው እየተንሸራተተ ገብቶ አወጣት። ቁስሏን አጥበን መድኃኒት ቀባናት።

«ቀይዋ እያለች ይሄ ነገር አይሆንም» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ምን ትሁን ታዲያ?»

«ለሰው እንስጣት።»

«እናትሽ በእጇ ያሳደገቻትን? ይልቅ እነዚህን መልሻቸው።»

«የት ልመልሳቸው፣ አባዬ? የገዛኋቸው እኮ ከመንገድ ነው።»

ትንሿን በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ለምሳ ብጠራውም አልወጣም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በአንዴ ጠቆረና በረዶ መውረድ ጀመረ። ከቢሮዬ መስኮት ሳይ አስፋልቱ ነጭ ሆኗል። ለአባዬ ደወልኩ፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። የዶሮ ቤቱ ያለው በግቢው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው፤ ቄቦቹ የሚጠለሉትም ስስ ላስቲክ ሥር ነው። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። የተሳፈርኩበት ታክሲ መገናኛ ደርሶ ቆመ፤ መንገዱ በጎርፍ ተዘግቷል። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ መቀመጥ አቃተኝ፤ ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። ሌላ ታክሲ እስካገኝ ድረስ እየደወልኩ ነበር፤ ይጠራል፣ አይነሳም።

የግቢውን በር ስከፍት ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ዋጠው። ሽቦው ወድቋል። የዶሮ ቤቱ ተከፍቶ ባዶውን ቀርቷል። አንዲትም ዶሮ የለችም።

«አባዬ!»

«እዚህ ነኝ! ቀስ ብለሽ ክፈቺ፣ ይወጡብኛል!»

ድምፁ የመጣው ከክፍሉ ነው። ገባሁ። ከላይ እስከ ታች በስብሶ፣ ብርድ ልብስ ደርቦ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቀይዋ አልጋው ራስጌ ላይ ወጥታለች። ሁለቱ አሮጌዎች ጠረጴዛው ሥር፣ ሦስቱ ቄቦች አልጋው ሥር ናቸው። ትንሿ ጭኑ ላይ ተኝታለች። ስልኩ የት እንደወደቀ እንኳ አያውቅም።

«ሁሉንም ብቻህን አስገባሃቸው?»

«ውሃው ሲገባ ምን ልሁን? እጄ የደረሰበትን እያነሳሁ ነው ያመጣሁት። የቷ የማን እንደሆነች መቼ አየሁ።»

«አልተጣሉም?»

«እንዴት አይጣሉ! ቀይዋ ይቺን ልትነቁር ስትመጣ ጮኽኩባት።»

«ምን ብለህ?»

«‹እኔም ያለሁት ሰው ቤት ነው፤ አርፈሽ ተቀመጪ› አልኳት።»

ልስቅ ብዬ አልሆነልኝም። አልጋው ጫፍ ላይ፣ እርጥቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሰው ቤት አይደለህም፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ» አለ፤ የትንሿን ክንፍ በብርድ ልብሱ ጫፍ እያደረቀ። «ለዶሮ ነው ያልኩት።»

ግቢው ሲደርቅ ሽቦውን መልሰን አላቆምነውም። መኖውን ሁለት ቦታ፣ አራርቀን አደረግነው፤ የተባረረች የምትሸሸግበት ጣውላም ግድግዳው ላይ አስደገፍን። ቀይዋ አላቆመችም፤ ግን አባርራ መመለስ እንጂ ደም ማፍሰስ ትታለች። ትንሿ ከቆጡ ጫፍ፣ ከሁሉም ርቃ ታድራለች። ቄቦቹን ስገዛ ያሰብኩት እንዲህ አልነበረም፤ አብረው እንደሚጭሩ፣ ቤቱ ጸጥ እንደሚል ነበር። አባዬ ከአንዱ መኖ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል፤ ሬዲዮውን ግን አሁን ከፍቶ ይተወዋል።

እሑድ እሑድ አብረን ስንሆን ጫጫታ ከተሰማ ሁለታችንም ብድግ እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞኝ ይደርሳል። «ተቀመጪ፣ ደህና ናቸው» ይለኛል፤ እሱ ግን አይቀመጥም።