ያላቋረጥሁት ጸሎት

ወዳጆቻቸው ሁሉ ሆይ፣ ያልሰማችሁ ካላችሁ ከእኔ ስሙ፤ ድሬሰር አቶ ማሩ በላይ ባለፈው ሐሙስ ረፋዱ ላይ ቁስቋም ከሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። በማግሥቱም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። እኛ አያ ማሩ እንላቸው ነበር። በጎንደር ሆስፒታልም ሆነ ከዳባት ወዲያ ባለችው የደጋ ክሊኒክ በእጃቸው ቁስሉ ያልታጠበለት ሰው ቢፈለግ ጥቂት ነው። እኔ ሙሉ እባላለሁ፤ የእጅ ሥራውን የተማርሁት ከእሳቸው ነው። ስለዚህ ጻፊ ብትሉኝ እሺ አልሁ፤ ነገር ግን የምጽፈው እናንተ የጠበቃችሁትን ብቻ አይደለም።

አያ ማሩ ከድቁና ትምህርት ወደ ሕክምና የገቡት ጣሊያን በወጣ ማግሥት ነው። በሆስፒታሉ የሥራ ቦታቸው የመቀቀያው ክፍል ነበር፤ መቀሱ፣ መርፌው፣ መቆንጠጫው፣ ፋሻው ሁሉ በእሳቸው እጅ ሳያልፍ ወደ በሽተኛ አይደርስም። እዚያ እንፋሎት አምቆ የሚያበስል ትልቅ የብረት ዕቃ ነበረ። ወደ ደጋው ክሊኒክ ሲዛወሩ ግን የተሰጣቸው አንድ ምድጃ፣ አንድ ክዳን ያለው ድስት፣ ጥቂት አልኮልና በረኪና ብቻ ነው። እኔን የቀጠሩኝ በዚያው ዓመት ነው፤ የቄስ ልጅ ነኝ፣ አግብቼ የፈታሁ፣ ማንበብ የምችል።

የመጀመሪያ ቀን አልኮሉን እጄ ላይ አፍስሼ «ጨርሻለሁ» ስላቸው እጄን ገልብጠው ጥፍሬን አዩ። «አንቺ ልጅ፣ አልኮል በእድፍ ላይ ቢያፈሱት እድፉን ማስከር ነው» አሉኝ። «አስቀድሞ ሳሙና፣ ከዚያ እሳት፣ መድኃኒቱ ኋላ ነው።» በረኪናውንም ከፀሐይ ደብቀው በጥቁር ጠርሙስ ያስቀምጡት ነበር፤ ፀሐይ ያየው በረኪና ሽታው እንጂ ጉልበቱ የለም ይሉ ነበር። ሳሙና ከደመወዛቸው ይገዙና በክር እየቆረጡ ለሚወልዱ ሴቶች በመቀነታቸው ይቋጥሩላቸው ነበር። አንዲት አሮጊት «ምነው አያ ማሩ፣ የእኛ እድፍ ይህን ያህል አስጠላዎት?» ብላ ብትቆጣ፣ ዝቅ ብለው እግሯን አጠቡላት። ከዚያ ወዲያ ሳሙና የምትለምነው እሷው ሆነች፤ ልጆቿንም ይዛ ትመጣ ነበር።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነውና። በደጋ ባቄላ ቶሎ እንደማይበስል ያገሬ ሴት ሁሉ ታውቃለች። አያ ማሩ ይህን የሰሙት ከጎረቤታቸው ነው። «የእኛ አገር ውሃ ለመፍላት ይቸኩላል፤ ባቄላውን ግን ጥሬውን ያወጣዋል» አለቻቸው። እንዲያ እንደ ሰሙ ምሳቸውን ትተው ወደ ክሊኒኩ ሮጡ። «ሙሉ፣ ባቄላውን ያላበሰለ ውሃ በሽታውን እንዴት ይገድላል? በውሃው መፍላት አትተማመኚ፤ መቀቀሉን ጠይቂ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመቀቀያው ጊዜ እጥፍ ሆነ።

ጊዜውን የሚለኩት በሰዓት አልነበረም። የክሊኒኩ የግድግዳ ሰዓት ተበላሽቶ ለጥገና ወደ ጎንደር አራዳ ተልኮ እዚያው ቀረ። «ሰዓት ይቆማል፣ ጸሎት አይቆምም» ብለው ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የዘወትር ጸሎታቸውን ይደግሙ ነበር። በጎንደር አንድ ጊዜ፣ በደጋ ሁለት ጊዜ። አንድ ሕግ ደግሞ ነበራቸው፤ ድስቱ ውስጥ አዲስ ዕቃ ከገባ ጸሎቱ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ይህን ሕግ በቃሌ አውቀው ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ እንዳልዋሽ አስቀድሜ ልናገረው ብዬ ነው።

በአንድ የገበያ ቀን ወይዘሮ ደብሬ የምትባል ወላድ በቃሬዛ አመጡልን። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። አያ ማሩ ዕቃውን ድስቱ ውስጥ ጨምረው ጸሎታቸውን ጀመሩ። አንዱን ዙር ጨርሰው፣ ሁለተኛውን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ዞር ብል መቀሱ ጨርቁ ላይ ተቀምጧል። የእትብቱ መቀስ! እኔ ነኝ አጥቤ እዚያ የረሳሁት። ሌላ መቀስ አልነበረንም። ክዳኑን ቀስ አድርጌ ከፈትሁና ጨመርሁት።

መናገር ነበረብኝ። «አያ ማሩ፣ ይቁሙ» ማለት ብቻ ነበር። ነገር ግን አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «የሚጸልይን ሰው የሚያቋርጥ በሰውየውና በፈጣሪው መካከል ይገባል» እያለ ያሳደገኝ ነኝ፤ አላቋረጥኋቸውም። ሴትዮዋም ትጮኻለች። የፈላ ውሃ መቼም የፈላ ውሃ ነው አልሁ በልቤ። እሳቸው «አሜን» አሉ፣ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ዕቃውን በመቆንጠጫ አወጡ። መቀሱም ከሌላው ጋር አብሮ ወጣ።

ወንድ ልጅ ተወለደ። ሸጋ ልጅ፣ ጩኸቱ ገበያ ድረስ የሚሰማ። ሰባት ጊዜ እልል ተባለለት። በሰባተኛው ቀን ወይዘሮ ደብሬ አቅፋ ይዛው ተመለሰች፤ ጡት መያዝ እምቢ ብሏል። አፉን ለመክፈት ብሞክር መንጋጋው ቆልፏል፣ ጀርባው እንደ ቀስት ተወጥሯል። ቄስ ተጠርተው በጥድፊያ ክርስትና አነሡት። በዘጠነኛው ቀን አለፈ።

ከቀብሩ መልስ አያ ማሩ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው «ሙሉ፣ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ደግሜያለሁ ወይ? ወይስ ደክሞኝ አንዱን ዘለልሁት?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ሁለቱንም ደግመዋል» አልኋቸው። ይህ እውነት ነበር። ቀሪውን እውነት ትቼ እሳቱን ቆሰቆስሁ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና «እኔን ለማጽናናት ነው እንጂ ዘልያለሁ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የምታውቋቸው አያ ማሩ ሌላ ሰው ናቸው። ለምን ዓይናቸውን ገልጠው እንደሚጸልዩ ጠይቃችሁኝ ነበር፤ መልሱ ይኸው ነው። እጃቸው በበረኪና ተሰነጣጥቆ ደም እስኪያወጣ የሚታጠቡትም ስለዚሁ ነው። ጡረታ ወጥተው ቁስቋም ከገቡ በኋላ እንኳ፣ ባለቤታቸው ወጥ ጥደው ድስቱ ሲንተከተክ እሳቸው ከተቀመጡበት ተነሥተው ምድጃው አጠገብ ይቆሙ ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የመጀመሪያው የልጅ ልጃቸው ክርስትና ዕለት ሕፃኑን እንዲያቅፉ ቢሰጧቸው ሁለቱን እጆቻቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ። «ይህ እጅ አይነካውም» አሉ። እንግዳው ሁሉ የሽማግሌ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ወጥቼ ግቢው ውስጥ አለቀስሁ፤ ወጥቼ ከማልቀስ ገብቼ መናገር ይሻል ነበር።

አንድ ጊዜ ሊያሠለጥነን የመጣ ሐኪም፣ የዚያ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘር በመቀቀል ብቻ እንደማይሞት፣ የታመቀ እንፋሎት እንደሚያስፈልገው ነገረን። እንግዲህ መቀሱ ሙሉውን ጊዜ ቢቀቀልም ልጁ ሊሞት ይችል ነበር ማለት ነው። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ደግሞ አሳፈረኝ፤ ምክንያቱም የደበቅሁትን ነገር ሐኪሙ አልነካውም። ለአያ ማሩ ሐኪሙ ያለውን ስነግራቸው «ይሆናል፤ ግን እኔ ዘልያለሁ» ብቻ አሉ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት መታመማቸውን ሰምቼ ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን በቃሌ ሳጠና ነበር። ገብቼ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥሁ። የዘወትር ጸሎታቸውን እየደገሙ ነበር፤ ድምፃቸው ቀጥኗል፣ ዓይናቸው ተገልጧል። ይጨርሱ ብዬ ጠበቅሁ። እናንተ ሰዎች፣ ዳግመኛ ጠበቅሁ! አንዱን ዙር ጨረሱ፤ ሁለተኛውን ጀመሩ። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ድምፃቸው ቆመ። «አሜን» አላሉም።

ወይዘሮ ደብሬ ከዳባት በጭነት ማኪና ለቀብር መጥታ ነበር። «እኔ እኮ ያን ጊዜውኑ ይቅር ብያቸው ነበር፤ በየዓመቱ ደጄ ድረስ እየመጡ ይቅር በይኝ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው» እያለች አለቀሰች። እጇን ይዤ ቆምሁ፤ አልነገርኋትም። ይህን የሚያነብላት ሰው አይጠፋምና አሁን ትስማኝ፤ ይቅርታ ልለምናት የሚገባኝ እኔ ነበርሁ። ቤቷ ድረስ እሄዳለሁ፣ ብታባርረኝም እውነት አላት።

አያ ማሩ፣ አንድ ጊዜ ለሥራዎ ስል፣ አንድ ጊዜ ለነፍስዎ ስል ዝም አልሁዎ፤ ሁለቱም ግን የእኔ ፍርሃት ነበር። ዛሬ ግን ጸሎትዎን ላቋርጥ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። መቀሱን ዘግይቼ የጨመርሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ሁለቱንም ጊዜ ደግመዋል፤ አንዲት ቃል አልዘለሉም፤ እኔ ቆሜ ሰምቼአለሁ። እጅዎ ንጹሕ ነበር፣ ንጹሕ ነው። እዚያ ያ ልጅ ቀድሞዎ ይጠብቅዎታል። እጅዎን ከጋቢዎ ያውጡና ይቀፉት።