ጥር ጊዮርጊስ የአባቴ ተራ ነው

እናቴ ያረፈች ዓመት የአባቴ ማኅበርተኞች ደግነታቸውን አስመሰከሩ፤ በዚያው ደግነታቸው አባቴን ከሰው ተራ ሊያስወጡት ምንም አልቀራቸውም።

እኔ ቡሬ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። አባቴ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱን ለቅቆ በእግር በሚገባ ገጠር፣ እኔ በተወለድኩበት ቤት ይኖራል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ሚኒባስ ይዤ ወደ እሱ እሄዳለሁ፤ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ እሱ የልጅነት ግዴታውን የሚወጣው በስልክ ነው። "አባየን አደራ" ብሎ ይጽፍልኝና ከሥሩ የተጣመሩ እጆች ሥዕል ያስከትላል። ከመቅረቱ ይልቅ ሥዕሉ ያናድደኛል።

ማኅበሩ የጊዮርጊስ ነው። ወር በገባ በሃያ ሦስት ከአባላቱ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ቄሱ ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፤ መጨረሻ ላይ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጥና በእልልታ ወደ ቤቱ ይሸኛል። አባላቱ አሥራ ሁለት ስለሆኑ ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ወር ይደርሰዋል። የአባቴ ወር ጥር ነው። ለማያውቅ ሰው የመብልና የመጠጥ ነገር ይመስለዋል። በሬ ሲጠፋ አብረው የሚፈልጉት፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁት፣ ልጅ ሲዳር ዳስ የሚጥሉት ግን እነዚሁ ማኅበርተኞች ናቸው። እናቴ የሞተች ለት እኔ ከቡሬ እስክደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ መቃብሩ ተቆፍሮ ነበር የጠበቀኝ።

ኅዳር ሲገባ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪያቸው፣ አባቴ ዘንድ መጡ። በአገራችን ጠላ የሚጠምቀው ሴት ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ደግሞ ጠላ ከየት ያመጣል? ይህን አስበው፣ ከሌሎቹም ጋር መክረው ነው የመጡት። "አንተ ወዳጄ፣ ጥርን እኛ ተካፍለን እንችለዋለን። አንተ እየመጣህ ብላ፣ ጠጣ። ምንም አትቸገር" አሉት። አባቴ ተነሥቶ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ሸኛቸው።

በዚያው ወር ማኅበሩ ላይ አልተገኘም። ታኅሣሥም ቀረ።

ስጠይቀው "ጉልበቴን አሞኛል" አለኝ። እኔ ከቡሬ የሚቀባ መድኃኒት ይዤ መጣሁና ጉልበቱን ልቀባ ቁጭ ብዬ ዳበስኩት። ያበጠ ነገር የለም። እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ፊቱን አየዋለሁ፤ ምንም አይለውም። ያ ጉልበት ጧት ሙሉ ዳጉሳ ሲወቃ የዋለ ጉልበት ነው።

"አባየ፣ ይህ ጉልበት ከእኔ ይሻላል" አልኩት።

ሱሪውን ወደ ታች ሳበ። ከዚያ "አላበላም፣ አላጠጣም፤ ታዲያ ምን ብየ ነው የምገባ? ከእነሱ ጋር ሰላሳ ዓመት ባለቤት ሁኘ የተቀመጥሁበት ማኅበር እንግዳ ሁኘ ልግባ?" አለ። ድምፁ ምንም ሐዘን አልነበረበትም፤ ስለ ከብት ዋጋ የሚያወራ ይመስል ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩ። አባቴ ሰውን በአንድ ቀን አይተውም፤ ቀስ እያለ ነው የሚተወው። ማኅበሩን ከተወ በኋላ ገበያውን ይተዋል፤ ከዚያ የሰንበት ቅዳሴውን። በመጨረሻ ከእኔ ከቅዳሜ ልጁ በቀር በሩን የሚከፍት ሰው አይኖርም። ከሳምንቱ ሰባት ቀን የአንዱ ቀን አባት ብቻ ሊሆንብኝ ነው።

ብዙ ሰው "ዘመኑ ሰውን ከሰው ለየው" እያለ በስልክና በከተማ ያሳብባል። እኔ ቡሬ የምኖርበት ግቢ ውስጥ በአንድ አጥር የተከራየን ብዙ ነን፤ ዘይት ፋብሪካ የሚሠሩ አሉ፣ ኮሌጅ የሚያስተምር አለ፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ። ሁላችንም ስልክ ላይ ነን፤ ግን ደኅና ጎረቤታሞች ነን። ለምን ቢሉ፣ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሌለው ካለው ይቀዳል። ባጃጅ ነጂው ጀሪካኑን ይዞ በሬን ሲያንኳኳ አንድም ቀን "ይቅርታ ላስቸግርሽ" ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ገበያ ስሄድ በነፃ አድርሰኝ ለማለት አላፍርም። ሰው ከሰው የሚለያየው "አትቸገር" መባባል የጀመረ ዕለት ይመስለኛል። ስልክ ምን በወጣው።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ሙሴው ቤት ሄድኩ። መናደዴን ፊቴ ላይ እንዳያዩት መንገድ ላይ ራሴን ስመክር ነበር። እሳቸው በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። እንዴት ዋሉ፣ ከብቱስ፣ ልጆችስ ተባብለን አበቃን። በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት ለፊት አይወቀስም፤ ዙሮ መግባት አለ።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ" አልኳቸው። "በሬ ቀንበሩ ቢከብደው ባለቤቱ ምን ያደርጋል?"

"ያቀልለታላ።"

"ከናካቴው ቢያነሣለትስ?"

"ከናካቴውማ ካነሣለት ሊያደልበው ነው። አድልቦ ሊያርደው" አሉና ሳቁ። ሳቃቸው መሀል ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም ነጠላየን አስተካከልኩ።

"አባትሽ ነው የላከሽ?"

"አልላከኝም። መምጣቴንም አያውቅ።"

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ "አንች፣ እኛኮ ልናሳርፈው ብለን ነው" አሉ። "አውቃለሁ አባባ፤ ደግነትዎን መች አጣሁት" አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ክፉ ቢሆኑማ እንዴት በቀለለኝ።

"መልካም፣ ጥር የእሱ ይሁን" አሉ በመጨረሻ። "ግን ጽዋ በቤት የተጠመቀ ጠላ ከሌለ አይሆንም፤ ከቡሬ ቢራ በሣጥን ጭነሽ እንዳትመጭብኝ። ማን ሊጠምቅ ነው?"

እኔ እንዳልጠምቅ ጥንስስ በየቀኑ የሚያየው ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ያለሁት ቡሬ። እንጀራውንና ወጡን እችለዋለሁ፤ ጠላው ግን የቅዳሜ ሥራ አይደለም። ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ ቤት ገብቼ ነገሩን ለአባቴ ስነግረው፣ የሙሴውን ጥያቄም አልደበቅኩትም። አባቴ ጥቂት አሰበና "የገዳም መነኮሳት ማን ይጠምቅላቸዋል?" አለኝ።

"ራሳቸው ናቸው።"

"እንግዲያስ።"

እንግዲያስ ብሎ ተነሥቶ ጋኑን ከጓዳ አወጣ። ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም እየተባለ ያደገ፣ ያንንም ሲያከብር የኖረ ሰው ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ውሃ እንኳ የሚጠጣው ተቀድቶለት ነበር። እኔ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም፤ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ አደረግኩ።

ያስተማረችው ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ እኛ ልጆቹ እትየ እንላታለን። መጀመሪያ እኔ ልጥመቅልህ ብላው ነበር። አባቴ እንቢ አለ። "አንች ከጠመቅሽው የአንች ጠላ ነው፤ እኔ ደግሞ ያንችን ጠላ ይዠ ጊዮርጊስ ፊት አልቀርብም" አላት። ስለዚህ በርጩማዋን በሩ ላይ አድርጋ፣ እጇን ጉያዋ ውስጥ ከትታ በአፏ ብቻ ታዘው ጀመር። ጋኑን አሳጠበችው፤ በወይራ አሳጠነችው። ጌሾውን አስወቀጠችው፤ ብቅል ጨምሮ ጠነሰሰ። ቂጣውን ሲጋግር ያረረው ይበልጣል፤ "ግድ የለም፣ ለጠላ ያረረ ደግ ነው" ትለዋለች። እኔ በሳምንቱ መካከል በስልክ እደውላለሁ። ድሮ "ደኅና ነኝ፣ ደኅና ሁኝ" ብሎ የሚዘጋው አባቴ አሁን ጥንስሱ እንዴት እንደፈላ፣ የጋኑ አፍ እንዴት እንደተመረገ ሲያወራ ካርዴ ያልቃል።

መንደሩ ሰማ። ወንዶቹ በአጥሩ ሲያልፉ "እመቤት፣ እንዴት አደርሽ?" ይሉታል። አባቴ ከጓዳ ሁኖ "እግዜር ይመስገን፤ ብቻ ባሌ ሰካራም ነው" ብሎ ይመልስላቸዋል። ይህን እትየ ስትነግረኝ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ብቻየን ሳቅኩ፤ ደንበኛ ተገርሞ አየኝ።

ለጥር ጊዮርጊስ ፈቃድ ጠይቄ ከዋዜማው ገባሁ። ወጡንና እንጀራውን ከእትየ ጋር አዘጋጀን። ድፎ ዳቦው ከእናቴ እጅ ባይደርስም የሚያሳፍር አልነበረም። ጠላውን በበዓሉ ጧት ቀምሼ ግሩም ነው አልኩ። ያን ጊዜ ግሩም ነበር።

አባቴ ግን ከቀመስኩ በኋላ ሥጋት ያዘው። ደግሶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሥጋት ያውቀዋል፤ ጠላ መረረ ቢባል ይታለፋል፣ አነሰ የተባለ ለት ግን ስም ይጠፋል። ኋላ እንደነገረኝ፣ ማኅበርተኞቹ ከነሚስቶቻቸው፣ ቄሱ፣ ዲያቆኑ፣ በመንገድ ያለፈ እንግዳ እያለ በልቡ ሲቆጥር ሰው በዛበት። እኔና እትየ ወጥ ስናወጣ እሱ ጓዳ ገብቶ ጋኑ ላይ ውሃ ጨመረ። እንደገና ሲያስብ ደግሞ ጨመረ።

ሰዉ ገባ፤ ጸሎት ተደረገ፤ ዳቦው ተቆረሰ። አባቴ ራሱ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ለሁሉም ቀዳ። ከቀዳ በኋላ አልተቀመጠም፤ ምሰሶውን ተደግፎ ቆመ። ሁሉም ተጎነጩ። ከዚያ አንዱ "ግሩም ነው" አለ። ሌላው ተቀበለና "እጅህ ይባረክ" አለ። ሴቶቹም "ሴት የጠመቀው ነው የሚመስል" አሉ። እኔም ተጎነጨሁ። ውሃ ነበር። ዳጉሳው በሩቁ የሚጣራ ውሃ።

የአባቴን ፊት አየሁት። ለካ ሳይቀዳ በፊት ቀምሶታል። ምስጋናው ከዙሪያው ሲመጣለት አንገቱን ደፋ። ከእናቴ ሞት በኋላ በሆነ ባልሆነው ሲመሰገን ከርሟል፤ ጠማማ አጥር ቢያጥር ጎበዝ፣ እርሻው አረም ቢውጠው አይዞህ። እዚያው ቆሜ ሳየው፣ የማኅበሩን ተራ መልሰን ሰጥተነው ሰዎቹን ግን እንዳልመለስንለት ገባኝ።

ሙሴው ዋንጫቸውን አስቀመጡ። አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

"አንተ" አሉት፣ ሁሉም እየሰማ። "ጠላህ ቀጥኗል።"

እትየ እኔን ቆነጠጠችኝ።

"ድፍድፉ ደኅና ነበር፤ ያስታውቃል። ኋላ ነው ያበላሸኸው። ውሃ ጨምረሃል፤ አልጨመርህም?"

አባቴ ቀና አለ። "ጨምሬያለሁ" አለ። "ምን ላድርግ፣ እናንተን የሚያህል ጠጭ ተቀምጦ ጋን መቼ ይበቃል ብየ ነው።"

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ከዚያ ማን ያቁመው። የሙሴው ሚስት "ስለ ቀጠነ ጠላ እሱ ይናገር? የእኛ ኮምጥጦ ዲያቆኑን ያሳመመ ዓመት ተረሳ?" ብላ ባሏን አጋለጠች። ዲያቆኑ እውነት ነው አለ። አንዱ የአንዱን፣ ሌላው የሌላውን ድግስ እያነሣ ሰዉ ተንጫጫ፤ ጨው የበዛበት ወጥ፣ ሊጥ የሆነ ዳቦ፣ ሁሉም ከየመቃብሩ ተነሣ። አባቴ ከመሀላቸው ገብቶ ተቀመጠ። ቦታ የለቀቀለት እንኳ የለም፤ ተገፋፍቶ ነው የተቀመጠ። ያን ቀጭን ጠላ እየሰደቡት ጋኑን ገለበጡት። ሲመሽ ጽዋው ለየካቲት ተረኛ ተሰጠና በእልልታ ሸኘነው።

በማግሥቱ ወደ ቡሬ ለመመለስ ዕቃየን ስሸክፍ አባቴ አስፋልቱ ድረስ ልሸኝሽ ብሎ ተከተለኝ። ሚኒባሱን ቆመን ስንጠብቅ፣ ለቅዳሜ ምን ይዠልህ ልምጣ ብየ ጠየቅኩት። ስኳር ነው ሳሙና የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

"ቅዳሜ አትምጭ" አለኝ። "ቤት አልገኝም። ሙሴው፣ ያ ሽማግሌ፣ ጎተራውን አዲስ ሊሠራ ነው፤ ትላንት ሲወጣ መጥተህ አግዘኝ ብሎኛል። ከጧት እስከ ማታ እዚያ ነኝ።"

"ጉልበትህስ?" አልኩት።

"ተይ አንች" አለ፣ ቆጣ ብሎ። "ሰው እየፈለገኝ ስለ ጉልበት ታወሪልኛለሽ።"

ሚኒባሱ መጣ። ተሳፈርኩ። በመስኮት ስመለከተው እጁን ሳያወዛውዝልኝ ዞሮ በፍጥነት እየሄደ ነበር፤ ደስታየን የምይዝበት አጣሁ። ያን ቅዳሜ ቡሬ ዋልኩ።